አባቴ ከታረቀ በኋላ

አባቴን ያሰሩት ከታረቀ በኋላ ነው። የላንቴ ሰው ይህን ሲሰማ ምኑ እንደሚከብድ ወዲያው ይገባዋል፤ ማብራሪያ አይፈልግም። ለሌላው ግን ከሥሩ ጀምሬ ማውራት አለብኝ። እኔም ብሆን ከሥሩ ካልጀመርኩት ንዴቴ እየቀደመኝ አበላሸዋለሁ። ይኸው ይህን ያህል ዘመን አልፎም ነገሩ በተነሣ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል።

ወላጆቼ የደጋ ሰዎች ናቸው። ገብሱንና እንሰቱን ለታላላቆቻቸው ትተው ወደ ቆላው ላንቴ ወረዱና ሙዝ ተከሉ። እርሻችንን ከጎረቤታችን የሚለየው አንድ የመስኖ ቦይ ነበር፤ ከቦዩ ወዲህ የእኛ ሙዝ፣ ከቦዩ ወዲያ የእነሱ። ስለዚህ ጎረቤታችንን የማዶው አባባ፣ ሚስቱን የማዶዋ እማማ እያልን አደግን። እናቴ ጨው ሲያልቅባት በቦዩ ላይ በተጋደመው ግንድ ትሻገራለች፤ የማዶዋ እማማ እሳት ሲጠፋባት በዚያው ግንድ ትመጣለች። ደጋ ሳሉ አይተዋወቁም፤ እህትማማች ያደረጋቸው ቆላው ነው። በየመሃሉ ይኮራረፉ ነበር። ኩርፊያቸው ግን ከገበያ ቀን አያልፍም፤ ወደ ከተማው፣ ወደ ሲቀላ ሙዝ ጭነው የሚሄዱት አብረው ነዋ።

ውሃው በተራ ነበር። በጋ ላይ ወንዙ ሲቀጥን ግን ተራ የሚባለው ነገር ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሁሉም ሰው የጎረቤቱ ሙዝ ከእሱ ሙዝ የለመለመ ይመስለዋል። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር። ዝምታው የትዕግሥት እንዳይመስላችሁ፤ ነገር በሆዱ ይዞ ይዞ አንድ ቀን የሚፈነዳ ዓይነት ነው። በዚያ በጋ አንድ ረፋድ ላይ፣ የማዶው አባባ ወደ እኛ የሚገባውን ውሃ በጭቃ ሲደፍን ደረሰበት። ተጨቃጨቁ። አባቴ ገፋው።

ይኸው ነው። ዱላ የለም፣ ድንጋይ የለም። ገፋው፤ ሰውዬው በጭቃው ተንሸራትቶ ጭንቅላቱ ከቦዩ የሲሚንቶ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ከዚያ ተነሣ። ልብሱን አራገፈ፤ አባቴ ደግፎ በግንዱ አሻገረውና ቤቱ አስገባው። ሚስቱ ደንግጣ "ምን ሆነህ ነው?" ስትለው "ወደቅሁ" አላት። አባቴ እዚያው ቆሞ ነበር። የማዶው አባባ ቀና ብሎ አየውና "አዳልጦኝ ነው" ብሎ ጨመረበት። አባቴ አፉ ተሳሰረ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ማታ እየሄደ ጠየቀው፤ ማር ወሰደለት፣ የበሰለ ሙዝ ወሰደለት። ሰውዬው ግን ራስ ምታቱ እየባሰበት ሄደና ብዙም ሳይቆይ አረፈ። አዳልጦት የወደቀ ሰው ሆኖ ተቀበረ።

እኔ ያን ጊዜ ሲቀላ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። በዕረፍት ቀን ብቻ ነው ወደ ቤት የምመጣው። አባቴ መክሳቱን አይቻለሁ፤ ለጎረቤቱ አዝኖ ነው ብዬ አለፍኩት። እውነቱን የሰማሁት እሱ ራሱ በአደባባይ ሲናገረው፣ ከአገሩ ሰው ሁሉ ጋር ነው።

አደባባይ ያልኩት ዱቡሻውን ነው። ዱቡሻ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ ሽማግሌዎች የሚመርቁበትና የሚያስታርቁበት ሜዳ ነው፤ የእኛው አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነበር። እኛ ዘንድ ሰው በደሉን ከደበቀ መዓቱ በራሱና በቤቱ፣ አልፎም በአገሩ ላይ ይመጣል፤ ጎሜ ይባላል። ጾሙን የሚጾመው፣ ታቦት የሚሸኘው ሰው ሁሉ ጎሜን ይፈራል። የደብራችን ቄስ በስብከታቸው ይነቅፉትና እቤታቸው ገብተው እሳቸውም ይፈሩት ነበር። ጎሜ የሚለቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያደረገው ሰው ቆሞ "አድርጌያለሁ" ሲል።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። ከብት ጨነገፈ። የማዶዋ እማማ የመጨረሻ ልጅ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ሰነበተ። ሽማግሌዎቹ ሕዝቡን ጠሩና "የደበቀ ካለ ይናገር" አሉ። ቅዳሜ ስለነበር እኔም መጥቼ ከሴቶቹ ጋር ቆሜያለሁ። አባቴ ከወንዶቹ መሃል ተነሣ። ጋቢውን ከትከሻው አወረደ።

"እኔ ገፍቼው ነው" አለ። "አዳልጦኝ ነው ያለው ለእኔ ብሎ ነው። እኔ ገፍቼው ነው የሞተው።"

እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። የማዶዋ እማማ መሬት ላይ ወደቀች፤ ፊቷን ነጨች፤ አባቴን እየተራገመች አለቀሰች። ሴቶቹ ሊይዟት ሲሉ ሽማግሌዎቹ "ተዉዋት፣ ታልቅስ" አሉ። አለቀሰች፣ አለቀሰች። ከዚያ ደከማትና ተቀምጣ አባቴን ብዙ አየችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ እዚያው እንደ ቆመ ነበር። ዕርቁን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባታል፤ በሽማግሌ ተለምና፣ ልጇም ድኖላት ነው። "ባሌ እየሞተ የሸሸገውን ሰው እኔ አላዋርደውም" አለች በመጨረሻ። ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም፤ እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በሬ ታረደ። የቆዳው መሃል ተቀደደና ሁለቱ ቤተሰቦች ተራ በተራ በቀዳዳው አለፉ፤ መጀመሪያ አባቴና የማዶዋ እማማ። እኔም አልፌያለሁ፤ ቆዳው ገና ሙቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ አንድ ቤት ነን። አባቴ የእነሱን ሙዝ ሊያጠጣ፣ ልጆቻቸውን እንደ ልጆቹ ሊያሳድግ ቃል ገባ፤ ቃሉንም በማግሥቱ ጀመረ። በዚያ ክረምት ከማዶዋ እማማ ልጆች ጋር ቦይ ሲጠርግ ሲስቅ አየሁት። ዕድሜዬን ሁሉ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ወሬዬን እዚህ ላይ ብጨርሰው ምን ነበረበት!

ስህተቱን የሠሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ስህተት ስል ራሱ አፌን ይከብደዋል፤ በእነሱ ልብ ምሥራች መንገራቸው ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ፤ ሹማምንቱ አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ። "ነገሩ ማለቁን መንግሥትም ይወቅልን፤ ነገ ሌላ ሰው በክፉ እንዳያነሣው" ተባባሉ። እርጥብ ሣር ነጭተው ያዙ። እኛ ዘንድ እርጥብ ሣር ይዞ የሚንበረከክ ሽማግሌ እምቢ አይባልም። አባቴ የታጠበ ጋቢውን ለበሰ። እናቴና የማዶዋ እማማ ግራና ቀኝ ሆነውለት፣ ሽማግሌዎቹ ከፊት ሆነው፣ ሙዝ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረው ወደ ከተማ፣ ወደ ፖሊስ ሄዱ። ያልተከፈተ መዝገብ ሊያስዘጉ ሄዱ።

የሆነውን እናቴ ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። ተረኛው ፖሊስ ከሰሜን የመጣ ወጣት ነበር፤ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣቸው። አማርኛ የሚሞክሩት ሽማግሌ ግን አልተቀመጡም፤ ሣራቸውን ይዘው ተንበረከኩና "ጌታዬ፣ ሰው ሞተች። አሁን እኛ ታርቋል፤ ነገሩ አልቋል" አሉት።

"ማን ነው የሞተው? ማን ገደለው?" አለ ፖሊሱ።

ሁሉም እኩል ወደ አባቴ ጠቆሙ። በኩራት ነው የጠቆሙት። አገር በተሰበሰበበት ቆሞ እውነቱን የተናገረ ሰው እኮ ነው! የማዶዋ እማማ እንዲያውም እጁን ይዛ ወደ ፊት ገፋ አደረገችው፤ "የእኔን ባል ነው። ግን አሁን ወንድሜ ነው" አለች። ፖሊሱ ሁለቱን አያቸውና እስክሪብቶውን አነሣ።

አባቴን አስገቡት፤ እናቴ ማምሻውን በጣቢያው በር ላይ ቆማ "ጻፍሽ አይደል? አሁን ልቀቂው እንጂ" ስትለው ነበር። አማርኛዋ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል፤ በሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅባት ነበር። ፖሊሱ አልሳቀም።

"እማማ፣ ሰው የሞተበት ነገር በዕርቅ አይዘጋም" አላት። "ሕጉ አይፈቅድም።"

"የቱ ሕግ?"

"የወንጀለኛ መቅጫ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ "ወንጀለኛ መቅጫ" ስትል እንደ ሰው ስም ነበር የምትጠራው። በከተማው ላይኛ ሰፈር፣ ሴቻ ላይ የሚኖር፣ እሷ ያላየችው፣ ስለ እሷ ግን የሚያውቅ አንድ ክፉ ሹም ይመስላት ነበር። ላስረዳት ሞክሬ "መጽሐፍ ነው" ብላት "ታዲያ መጽሐፍ ከሆነ ለምን ለሰው አይነበብም?" አለችኝ። እኔም ቢሆን መጽሐፉን በዐይኔ አይቼው አላውቅም።

በኋላ ተምሬ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ጠይቄ እንደ ደረስኩበት ባለቤቱ ካልከሰሰ የማያስከስስ በደል አለ፤ ስድብ፣ ቀላል ጉዳት፣ የመሳሰለው። እሱን ዕርቅ ይዘጋዋል። ሰው የሞተበትን ግን መንግሥት ራሱ ይከሳል። ሕጉ ክፉ አይደለም። ባይኖር ኖሮ ጉልበተኛው ቤተሰብ ደካማውን እያስገደደ ታረቅ ሲለው ይኖር እንደነበር ይገባኛል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሕጉ የተጻፈው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ታዲያ ከሴቻ ላንቴ ለመውረድ ይህን ያህል ዘመን ምን አቆየው? ግብር መድረሱን የሚነግረን ሰው አጥተን አናውቅም። የክትባት ቀን ሲሆን በድምፅ ማጉያ ይለፈፍልናል። ሰውን ዕድሜ ልኩን የሚያስረው ነገር ግን አንድም ቀን ሾላው ሥር ተነቦ አያውቅም።

ፍርድ ቤቱ ሴቻ ነበር። ከሲቀላ ሽቅብ በሚኒባስ እንወጣለን፤ እናቴ፣ የማዶዋ እማማ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ትምህርቴን ጥዬ እኔ። የሽማግሌዎቹና የማዶዋ እማማ ስም በተጠራ ጊዜ ደስ አላቸው። አሁን ይሰሙናል ብለው ነው። የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆነው መጠራታቸውን ያወቁት ከቆሙ በኋላ ነው። ያውም ማወቅ ከተባለ።

"ተከሳሹ ገፍቼዋለሁ ሲል ሰምተዋል?" ዐቃቤ ሕጉ ሽማግሌውን የጠየቀው በአስተርጓሚ ነው።

"ሰምቻለሁ።"

"በዚህ ምክንያት ሞተ ሲልስ?"

"ብሏል። ከዚያ እኛ በሬ አርደን..."

"የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ።"

ሽማግሌው ሣሩን እንደ ያዙ ወደ አባቴ ዞር ብለው አዩት። መዋሸት አይችሉም፤ ጎሜ ነው። እውነቱን ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው የሚቀበሏቸው። የማዶዋ እማማም እንደዚያው ሆነች። ልታስፈታው መጥታ፣ ስትናገር አድራ የተለማመደችው የምልጃ ቃል በአፏ ሳለ፣ "አዎ" እና "ሰምቻለሁ" ብቻ ብላ ወረደች። አባቴም ሲጠየቅ አልካደም። ዱቡሻ ላይ ያለውን እዚያም ደገመው። ጥፋተኛ ነው ተባለ።

ችሎቱ ለቅጣቱ ከመመለሱ በፊት ትንሽ ዕረፍት ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የማዶዋ እማማ ደረቷን እየደቃች "በአፌ አሰርሁት፣ በአፌ" ትላለች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ፊቷ ጠቁሮ ቆማ ሁላቸውንም አየቻቸው።

"ፖሊስ ጋ ተናገራችሁ፣ አሰሩት" አለች። "እዚህ ተናገራችሁ፣ ጥፋተኛ ነው አሉት። ከእንግዲህ እዚህ ቤት አፉን የሚከፍት ሰው እንዳላይ። እሱንም ዝም በል በሉልኝ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ ነገረው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ማን ተቃወመ? ማንም። እኔም ትክክል መስሎኝ ነበር። በእኛ ቦታ ያለ ሰው ሌላ ምን ያስባል?

ገባን። ዳኛው ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሰው ነበሩ። "ቅጣቱን የሚያቀልልህ የምትናገረው ነገር አለህ?" ብለው ጠየቁት። አስተርጓሚው ነገረው። አባቴ ወደ እናቴ አየ። "የለኝም" አለ። ዳኛው እንደገና ጠየቁት፤ "ስለ ራስህ፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር ስላላችሁ ነገር፣ ምንም?" አሉት። "የለኝም" አለ።

በዚህ ጊዜ ከእኛ ረድፍ የማዶዋ እማማ ተነሣች። ሣሩ በእጇ ነበር፤ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀምሯል። እናቴ ነጠላዋን ይዛ ወደ ታች ጎተተቻት። "ተቀመጪ፤ ልትጨርሺው ነው?" አለቻት በሹክሹክታ። የማዶዋ እማማ ተቀመጠች። ዳኛው ወደ እኛ አይተው ነበር፤ ማንም ምንም ሳይል ሲቀር ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ቅጣቱን የሚያቀልል ነገር አልቀረበም ብለው አነበቡ። ቀጥለው ያነበቡት ዓመት ብዙ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ የወህኒ ቤት መንገድ ነው። እናቴና የማዶዋ እማማ እየተፈራረቁ ስንቅ ያመላልሱ ነበር። የማዶዋ እማማ የምትሠራለት ኩርኩፋ፣ ያ የበቆሎ ድብልብል፣ የሽፈራው ቅጠሉ ስለሚበዛ አባቴ የእሷን ይወድ ነበር፤ እናቴ ይህን ታውቃለች፤ ትቀናለችም። "እዚያ ሆኖም ያማርጣል" ትል ነበር። እንዲህ የምትልበት ቀን ደስ የሚላት ቀን ነው። የሁለቱንም እርሻ የያዙት የማዶው ልጆች ነበሩ። ሊያሳድጋቸው ቃል የገባላቸው ሰው ታስሮ እነሱ የእሱን ቤት አሳደሩ።

እኔን ሲያየኝ የሚጠይቀኝ ስለ ውሃው ነበር፤ ተራው ተከበረ ወይ፣ ቦዩ ተጠረገ ወይ። አንድ ቀን ግን በሽቦው ማዶ ሆኖ ሌላ ነገር ጠየቀኝ። "አንቺ ተምረሻል" አለኝ። "ዝም ብል ኖሮ ምን እሆን ነበር?" ምን ልበለው? ምንም አትሆንም ነበር፣ ማንም አያውቅብህም ነበር ልበለው? አለቀስኩ። "ተይ" አለኝ፤ "የማዶው ልጅ ድኖ የለ።" ወደ ክፍሉ ሲመለስ ጀርባው የሽማግሌ ጀርባ ሆኖ አየሁት።

ወባ ነው የወሰደው። ዝናብ ባቆመ ሰሞን ብዙ እስረኛ ታሞ ነበር፤ ሌሎቹ ተነሡ፣ እሱ አልተነሣም። ሬሳውን ላንቴ አምጥተን ቀበርነው። ለቅሶው ላይ የማዶዋ እማማ እርጥብ ሣር ይዛ መጣችና እናቴ እግር ሥር ተንበረከከች። ባሏ የሞተባት እሷ፣ ይቅርታ የምትለምነው እሷ! "በአፌ ነው" አለቻት። እናቴ ሣሩን ተቀበለቻት፤ አቀፈቻት። "እኔ ነገሩን ዘግይቼም ቢሆን አወቅኩት፣ አስቀመጥኩሽ፤ ፊት አውቄው ቢሆን ኖሮ ፖሊስ ጋም አትሄዱም ነበር" አለቻት። እናቴ ለብዙ ጊዜ የተጽናናችው በዚያ ነው። እኔስ ቢያንስ በመጨረሻው ሰዓት የባሰ እንዳይመጣበት አድርጌያለሁ ትል ነበር። ቅጣቱ ከዚህም ይብስ ነበር፣ ያን ቀን እሷን ባላስቀምጣት ኖሮ ትል ነበር።

ዱቡሻው ግን ከዚያ በኋላ ዱቡሻ አልሆነም። ሽማግሌዎቹ ይጠራሉ፤ ሰው ይመጣል። "የደበቀ ካለ ይናገር" ይላሉ። ሁሉም እግር እግሩን ያያል። አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ከብቶች ታርደው አደሩ፤ አንድ ጊዜ የአንዱ ጎጆ ተቃጠለ፤ ተናጋሪ አልተገኘም። አገሩ ስለ ሕጉ ያወቀው ነገር ቢኖር ይኸው ነበር፤ የተናገረ ይታሰራል። ሌላውን ማንም አልነገረውም።

እኔ ያኔ ላንቴ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀምሬ ነበር። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ክፍል ድረስ መጣና "ከሴቻ የሕግ ባለሙያ ይመጣል፤ ቋንቋችንን አይችልም፤ ታስተረጉሚለታለሽ" አለኝ። ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቀው የወንጀለኛ መቅጫው ሊሻሻል እየተጠና ስለሆነ ሕዝቡ እንዲያውቀውና አስተያየት እንዲሰጥ ነው አለኝ። ሳቅሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም። "አሁን መጣ?" አልኩት። ሊቀ መንበሩ ለምን እንዳልኩት ስለሚያውቅ ቀኑን ብቻ ነግሮኝ ወጣ።

አዳራሹ እንደ ምጣድ ስለጋለ ስብሰባው ወደ ሾላው ሥር ተዛወረ። ባለሙያው ወጣት ነበር፤ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። አሮጌውን የሕግ መጽሐፍና አዲስ የተረቀቀውን ጥራዝ ታቅፎ ቆመ። እንዳልጠላው ያደረገኝ የመጀመሪያ ንግግሩ ነው። "ሕጉ የእናንተ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን አላሳየናችሁም" አለ። "ከእንግዲህ ሕግ ሲወጣ ሰው በሚገባው ቃል ተጽፎ፣ በየቀበሌው ተነቦ እንዲሆን እንፈልጋለን።" ይህን ስተረጉም ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ያኔ ፍርድ ቤት ሣር ይዘው የቆሙት፣ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። እናቴና የማዶዋ እማማ ከሴቶቹ መሃል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እናቴ አንገቷን አስግጋ መጽሐፉን ነበር የምታየው። "ያ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ በዐይኗ። "እሱ ነው" አልኳት።

በዕርቅ የሚያልቀውንና የማያልቀውን ለይቶ ተናገረ፤ ተረጎምኩ። ይህን አውቀነዋል፤ በጣም አውቀነዋል። ቀጥሎ ስለ ቅጣት ማክበጃና ማቅለያ አለ። እኔ አንድ አስተርጓሚ እንደሚያደርገው ቃሉን ብቻ እያየሁ ነበር፤ እሱ አንድ ዐረፍተ ነገር ይላል፣ እኔ እሱኑ እላለሁ።

"ጥፋተኛው ከልቡ ተጸጽቶ ጥፋቱን ያመነ እንደሆነ..." አለ። ተረጎምኩ።

"ሳይያዝ በገዛ እግሩ ሄዶ ለሕግ እጁን የሰጠ እንደሆነ..." ተረጎምኩ።

"የበደላቸውን ሰዎች የካሰ፣ የታረቀ እንደሆነ፣ ይህንኑ ለዳኛው ከተናገረ፣ ቅጣቱ በብዙ ይቀልለታል።"

ይህንንም ተረጎምኩ። ተርጉሜ ከጨረስኩ በኋላ ነው የገባኝ። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሴቶቹ መሃል ደርሷል፤ መመለስ አይቻልም። ዳኛው ሁለት ጊዜ የጠየቁት፣ ወደ እኛ ረድፍ ያዩት፣ ይህንኑ ፈልገው ነበር። አንድ ቃል ቢሰሙ ኖሮ አባቴ ያ ወባ ሳይመጣ እቤቱ ነበር።

እናቴ ተነሣች። ስትነሣ ቀስ ብላ ነው፤ የማዶዋን እማማ ትከሻ ተደግፋ። ባለሙያውን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችው።

"ይሄ ነገር ያኔም ነበር?" አለችኝ።

ባለሙያው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ምን አሉ እናታችን?" አለኝ። የእኔ እናት መሆኗን አያውቅም። "ይህ አንቀጽ ከዚህ በፊትም ነበር ወይ ነው የሚሉት" አልኩት።

ጥያቄው ደስ አሰኘው። አሮጌውን መጽሐፍ ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። "ጥሩ ጥያቄ ነው!" አለ። "አዲስ አይደለም፤ ከጥንትም እዚሁ ውስጥ ነበር። ወደ አዲሱም እናሻግረዋለን።"

ይህንንም መተርጎም ነበረብኝ። የማዶዋ እማማ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችኝና ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች፤ አትንገሪያት ማለቷ ነው። እናቴ ቆማ ትጠብቃለች። የቆምኩት አባቴ ጋቢውን አውርዶ የተናገረባት ቦታ ላይ ነው።

"ነበር" አልኩ።

እናቴ ተቀመጠች። ያን ቀን ነጠላውን የጎተተችበትን ቀኝ እጇን ብብቷ ሥር ሸሸገችው። የማዶዋ እማማ ፈልጋ አወጣችውና፣ ስብሰባው እስኪያልቅ በሁለት እጇ ይዛው ተቀመጠች።